ኮንከር እንዴት እንጫወት? ካርታው ከመታደሉ በፊት መነጋገር ያለብን ነገር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ምዝገባም ስለ ራሽንም አይደለም። ስለ ካርታ ጨዋታ ነው፤ በተለይ ስለ ኮንከር። "ደሞ ስለ ካርታ ምን ይጻፋል?" የሚል አይጠፋም። ግን ከሰዓት በኋላ በየራኩባው ጥላ ሥር ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ወጣቱ ሥራ የለውም፣ ፀሐዩ አያስወጣም፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ያለው አንድ ያረጀ ፓኬት ካርታ ነው።

እኔ ገዳሪፍ ክልል ውስጥ ካሉት ካምፖች በአንዱ የሕፃናት አስተማሪ ነኝ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ እንደ ማንኛውም ወጣት ካርታ እጫወታለሁ፣ አንዳንዴም ዳኛ እሆናለሁ። ዳኛ ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። በካርታ ላይ የሚነሳው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ከማጭበርበር አይደለም የሚመጣው። ሁለት ሰው የተለያየ ሕግ ይዞ ስለሚቀመጥ ነው። አንዱ ጎንደር የለመደውን ይጫወታል፣ አንዱ ሁመራ የለመደውን፣ አንዱ ካርቱም ውስጥ የተማረውን። ሁሉም "ኮንከር እኮ እንዲህ ነው" ይላል፤ ሁሉም እውነቱን ነው።

ችግሩ ክርክሩ ከጆከር ተነስቶ ጆከር ላይ አይቆምም። በሦስተኛው ቃል "እናንተ እኮ ድሮም..." ይመጣል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ካርታ መሆኑ ቀርቶ ዘር ይሆናል። እዚህ ያለነው ሰዎች ደግሞ ከየት እንደመጣን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በተነሳው ጦርነት ተከዜን ተሻግሮ በሃምዳይት በኩል የገባ አለ። በመተማ በኩል በጋላባት የገባ አለ። ካርቱም ዓመታት ኖሮ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ወደ ገዳሪፍ የሸሸም አለ። ሁላችንም አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የምንቀመጠው። ስለዚህ ጨዋታውን ለማያውቅ ላስተምር፣ ለሚያውቅ ደግሞ ከመታደሉ በፊት ምን መነጋገር እንዳለበት ላስታውስ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ኮንከር ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ኮንከር በዓለም ላይ "ራሚ" ከሚባለው የጨዋታ ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ አንድ ካርታ አንሳ፣ አንድ ካርታ ጣል፣ በእጅህ ያሉትን ካርታዎች አዛምደህ ከሌላው ቀድመህ ጨርስ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ይህ ቤተሰብ ብዙ አገር ዞሯል። ሜክሲኮ ውስጥ ኮንኪያን የሚባል የቆየ ጨዋታ አለ፤ ብዙ የካርታ ታሪክ ጸሐፊዎች የራሚ ጨዋታዎች ቅድመ አያት እሱ ነው ይላሉ። በአረብ አገሮችና በሕንድ ደግሞ ኮንካን ይባላል። ሱዳኖችም ኮንካን ብለው ይጫወቱታል። የስሞቹን መቀራረብ ልብ በሉ፦ ኮንኪያን፣ ኮንካን፣ ኮንከር። ስለዚህ ሱዳናዊ ጎረቤታችሁ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሲጫወት ብታዩ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይሆንባችሁም። ግን አንድ አይደሉም። በእኛ ኮንከር ካርታውን እስክንጨርስ እጃችን ላይ ደብቀን እንይዛለን። ኮንካን ውስጥ ግን በየመሀሉ መሬት ላይ እየዘረጉ የሚጫወቱበት መንገድ አለ፤ በአንዳንዱ ዓይነት መጀመሪያ ለመዘርጋት የካርታዎቹ ድምር 51 መሙላት አለበት። ከሱዳናዊ ጓደኛ ጋር ስትቀመጡ "የእናንተ እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። መጠየቁ ራሱ ወዳጅነት ነው።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ሁለት ፓኬት ካርታ ከነጆከሩ። በአንዱ ፓኬት ውስጥ 52 ካርታና 2 ጆከር አለ። ሁለቱ ሲደመሩ 108 ካርታ ይሆናሉ። አራት ዓይነት ምልክት አለ፦ ልብና ዳይመንድ ቀይ ናቸው፣ አበባና ጦር ጥቁር ናቸው። የምልክቶቹን ስም ሰው እንደየአገሩ ይጠራቸዋል፤ እኔ እዚህ እነዚህን አራት ስሞች እጠቀማለሁ። እያንዳንዱ ምልክት ከኤስ ጀምሮ 2፣ 3፣ 4 እያለ እስከ 10 ይሄዳል፤ ከዚያ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ። በጠቅላላው 13 ናቸው።

ሁለት ፓኬት ስለሆነ እያንዳንዱ ካርታ ሁለት ሁለት ነው። ልብ 7 ሁለት አለ፣ ጦር ኪንግ ሁለት አለ። ይህን አትርሱት፣ በኋላ ለሂሳቡ ይጠቅማል።

ካርታ ከሌላችሁ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። እኛ ትምህርት ቤት ከካርቶን ሠርተናል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አንድ ካርታ በደንብ ቆርጡና እሱን መለኪያ አድርጉት። ሌሎቹን ሁሉ በሱ ልክ ቁረጡ፤ አንዱን በሌላው እየለካችሁ ከሄዳችሁ እያደገ ወይም እያነሰ ይሄዳል። ጀርባቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ከሆነ ጽሑፉ ያለበትን ወገን ፊት አድርጉና ወረቀት ለጥፉበት። ቀይና ጥቁር እስክሪብቶ ይበቃል። ከእውነተኛ ፓኬት አንድ ካርታ ከጠፋባችሁም ትርፍ ጆከር ወይም የማስታወቂያ ካርዱን ወስዳችሁ የጠፋውን ስም ጻፉበት። ጀርባው ላይ ምልክት ያለበት ወይም ጥጉ የተቀደደ ካርታ ግን አስወጡት። ያን ካርታ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል፤ ባይኖርም "ያውቀዋል" ብሎ የሚጠረጥር ይኖራል።

እዚህ አካባቢ ነፋስ አለ፣ አቧራ አለ፣ በክረምት ደግሞ የዋልካው ጭቃ አለ። ምንጣፍ አንጥፉ፣ ክምሩ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ጠጠር አስቀምጡ። ቀላል ይመስላል፣ ግን በነፋስ የተገለጠ ካርታ ስንት ጠብ አስነስቷል!

አጨዋወቱ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አሁን የምገልጸው እኛ ጋ የምንጫወተውን ነው። ለአራት ሰው የተሻለ ነው፣ ግን ሦስትም ሁለትም ሆኖ ይቻላል።

አንደኛ፣ አዳዩ ካርታውን በደንብ ይበውዛል። ከጎኑ ያለው ሰው ይቆርጠዋል። መቁረጥ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ "አስተካክለህ ነው ያደልከው" የሚለውን ሐሜት ከሥሩ ያደርቀዋል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው 13 ካርታ ይታደላል። ጨዋታውን የሚጀምረው ሰው ብቻ 14 ይወስዳል። አራት ሰው ከሆናችሁ 53 ካርታ ወጣ ማለት ነው። የቀረው 55 ካርታ ተገልብጦ መሀል ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ 14 ካርታ የያዘው ሰው የማይፈልገውን አንዱን ጥሎ ይጀምራል። የተጣለው ካርታ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል።

አራተኛ፣ ተራው የደረሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ከፊቱ ያለው ሰው አሁን የጣለውን ካርታ ያነሳል፣ ወይ ከተገለበጠው ክምር ሳያይ አንዱን ይስባል። ከሥር የተጣሉትን ቆፍሮ ማንሳት የለም፤ የላይኛውን ብቻ ነው። ካነሳ በኋላ አንዱን ይጥላል። ስለዚህ ሁልጊዜ በእጃችሁ ያለው 13 ነው። በየመሀሉ ካርታችሁን ቁጠሩ፤ 12 ወይም 14 ይዞ የተገኘ ሰው በዚያ ዙር ማሸነፍ አይችልም።

አምስተኛ፣ ዓላማው 13ቱን ካርታ በአራት ስብስብ መጨረስ ነው። ሦስቱ ስብስቦች ሦስት ሦስት ካርታ ይኖራቸዋል፣ አንዱ አራት ካርታ ይኖረዋል። 3 እና 3 እና 3 እና 4፣ ድምሩ 13።

ስብስብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁጥሩ አንድ ሆኖ ምልክቱ የተለያየ ነው፤ ለምሳሌ ልብ 9፣ ጦር 9፣ አበባ 9። ሁለተኛው ምልክቱ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ተከታታይ ነው፤ ለምሳሌ ልብ 5፣ ልብ 6፣ ልብ 7። ልብ 5፣ ልብ 6፣ ዳይመንድ 7 ግን አይሆንም። ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ግን ምልክታቸው ይለያያል። ጀማሪ ሰው ቶሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስድስተኛ፣ ጆከር በጎደለው ካርታ ቦታ ይገባል። ልብ 5፣ ጆከር፣ ልብ 7 ካላችሁ ጆከሩ ልብ 6 ሆነ ማለት ነው።

ሰባተኛ፣ አራቱ ስብስብ የሞላለት ሰው ተራው ሲደርስ አንድ ካርታ ያነሳል፣ 14ኛውን ካርታ ገልብጦ መሀል ያስቀምጣል፣ "ዘጋሁ" ይላል። ከዚያ 13ቱን ካርታ በየስብስቡ ለይቶ ምንጣፉ ላይ ይዘረጋል። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይቆጥራል። ልክ ከሆነ ዙሩ አለቀ።

ነጥብ አያያዙ ቀላል ነው። የዘጋው ሰው አንድ ጠጠር ይወስዳል። ቀድሞ አምስት ጠጠር የሞላለት የቀኑ አሸናፊ ነው። የተሸነፉት በእጃቸው የቀረውን ካርታ ደምረው የሚይዙበት መንገድም አለ፣ ግን ለጀማሪ የጠጠሩ ይሻላል።

አንድ ምሳሌ አብረን እንይ

እንዲህ ታደላችሁ እንበል፦ ልብ 5፣ ልብ 6፣ ልብ 7፤ ጦር 9፣ አበባ 9፤ ዳይመንድ 10፣ ዳይመንድ ጃክ፤ አበባ 2፣ አበባ 4፤ ልብ ኪንግ፣ ጦር ኩዊን፣ ዳይመንድ 3፤ እና አንድ ጆከር። ቁጠሩት፣ 13 ነው።

አንድ ስብስብ ሞልቷል፦ የልብ 5፣ 6፣ 7። ሦስት ደግሞ አንድ አንድ ካርታ የጎደላቸው አሉ። ጆከሩን የት እናስገባው? እዚህ ነው ሂሳብ የሚመጣው።

ዳይመንድ 10 እና ጃክ በሁለቱም በኩል ክፍት ናቸው። ከታች ዳይመንድ 9፣ ከላይ ዳይመንድ ኩዊን ይሞላቸዋል። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ስለሆነ በጠቅላላው 4 ካርታ ይጠቅማችኋል። ሁለቱ 9ኞችም እንደዚሁ ናቸው፤ ልብ 9 ወይም ዳይመንድ 9 ይሞላቸዋል፣ 4 ካርታ ማለት ነው። አበባ 2 እና 4 ግን የሚፈልጉት አበባ 3ን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ 2 ካርታ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ጆከሩ መግባት ያለበት አበባዎቹ መሀል ነው። ሕጉን በቃላችሁ ያዙት፦ ጆከር የሚገባው በጣም ለመሙላት የሚያስቸግረው ቦታ ላይ ነው።

አሁን ሁለት ስብስብ ሞላ፣ ሁለት ስብስብ አንድ አንድ ይጎድላቸዋል። ልብ ኪንግ፣ ጦር ኩዊንና ዳይመንድ 3 ብቻቸውን የቀሩ ናቸው። በእነሱ ቦታ ሦስት የሚጠቅም ካርታ ካገኛችሁ ጨረሳችሁ፦ አንዱ ለ9ኞቹ፣ አንዱ ለዳይመንዶቹ፣ አንዱ ደግሞ ከስብስቦቹ አንዱን አራት ለማድረግ፣ ለምሳሌ ልብ 4 ወይም ልብ 8።

መጀመሪያ የትኛውን እንጣል? እኔ ኪንጉን እጥላለሁ። ምክንያቱም ኪንግ ተከታታይ ውስጥ ለመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ ውስጥ ይገባል፣ ኤስ ከላይ ይገባል ከተባለ ደግሞ ኩዊን፣ ኪንግ፣ ኤስ ውስጥ። 7 ግን 5፣ 6፣ 7 ውስጥም፣ 6፣ 7፣ 8 ውስጥም፣ 7፣ 8፣ 9 ውስጥም ይገባል። መሀል ያለ ቁጥር ለእናንተም ለሚቀጥለው ሰውም የበለጠ ይጠቅማል። የምትጥሉት ካርታ ለቀጣዩ ሰው ስጦታ መሆኑን አትርሱ። እሱ ከእናንተ ምን እንዳነሳ፣ ምን እንደጣለ እዩ። ጥሩ ተጫዋች ግማሹን ጊዜ የሚያየው የሌላውን እጅ እንጂ የራሱን ካርታ አይደለም።

ካርታው ከመታደሉ በፊት እነዚህን ተነጋገሩ

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ አላቸው። የትኛውንም ብትመርጡ ጨዋታው ይሄዳል። ክፋቱ ሳይመርጡ መጀመር ነው።

ጆከር፦ በአንድ ስብስብ ውስጥ ስንት ጆከር ይፈቀዳል? አንድ ብቻ ነው ወይስ ሁለትም ይቻላል? እኛ ጋ በአንድ ስብስብ አንድ ብቻ ነው።

ኤስ፦ ከ2 በታች ነው ወይስ ከኪንግ በላይ ነው ወይስ ሁለቱም ይሆናል? ኪንግ፣ ኤስ፣ 2 ብሎ መዞርስ ይቻላል? እኛ ጋ ከታችም ከላይም ይሆናል፣ መዞር ግን የለም።

ድርብ ካርታ፦ ሁለት ልብ 9 በአንድ ስብስብ ውስጥ መግባት ይችላል? እኛ ጋ አይችልም። ይህን አንድ ጥያቄ ባለመነጋገር ብቻ የፈረሰ ጨዋታ ብዙ አይቻለሁ።

አቅጣጫና አጀማመር፦ ተራው በቀኝ ነው በግራ? ማን ይጀምራል? ቀጣዩን ዙር ማን ያድላል?

ክምሩ ሲያልቅ፦ ማንም ሳይዘጋ የተገለበጠው ካርታ ካለቀ የተጣለው ተበውዞ ይቀጥላል ወይስ ዙሩ ያለ አሸናፊ ያልቃል?

በስህተት የዘጋ፦ "ዘጋሁ" ብሎ ዘርግቶ ልክ ካልሆነ ምን ይሆናል? እኛ ጋ ካርታው ስለታየ ከዚያ ዙር ይወጣል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። መሳደብ የለም፣ ቅጣቱ ይበቃዋል።

የተጣለ ካርታ፦ እጅ ከለቀቀው መመለስ ይቻላል? እኛ ጋ ምንጣፍ ከነካ አይመለስም።

ተመልካች፦ ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው አይናገርም፣ በዓይኑም አይጠቅስም። ያየውን መናገር ከፈለገ ቀጣዩን ዙር ይግባ።

ማብቂያ፦ በስንት ጠጠር ወይም በስንት ሰዓት እናቆማለን? ጠዋት ትምህርት ያለው ተማሪ፣ በማሽላና በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ተነስቶ እርሻ የሚሄድ ሰው አለ። ለሱ ማብቂያው ሰዓት ከጆከሩ ይበልጣል።

እነዚህን ለመነጋገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብትችሉ ካርቶን ላይ ጻፉትና ከፓኬቱ ጋር አስቀምጡት። እኛ ጋ ተጽፎ አለ፤ ክርክር ሲነሳ "እስቲ ካርቶኑን አምጡት" ይባላል፣ ያኔ ነገሩ ያበቃል። የሚፈርደው የጎንደር ወይም የሁመራ ልጅ መሆኑ ይቀራል፤ ሁሉም የተስማማበት ጽሑፍ ይፈርዳል።

አንድ ሕግ ደግሞ ከካርታው ጋር ባይያያዝም እጨምራለሁ፦ ምንጣፉ ላይ ጦርነት አይወራም። አብረን የምንጫወተው አማርኛ ተናጋሪም ትግርኛ ተናጋሪም ነን። አንዱ ወንድሙን ቀብሯል፣ ሌላው ወንድሙ የት እንዳለ አያውቅም። ያንን ለመነጋገር ሌላ ቦታና ሌላ ሰዓት አለ፤ ካርታ እየጣሉ የሚነገር ነገር አይደለም። ይህን ሕግ ካወጣን በኋላ በፊት ተኳርፈው የነበሩ ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ። ታርቀዋል አልልም። ግን "ተራህ ነው" ይባባላሉ፤ ይህም ከምንም ይሻላል።

ራሽን አይያዝበትም

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። ኮንከር በገንዘብ የሚጫወቱ አሉ። ገንዘብ ሲያልቅ ዘይት፣ ዘይት ሲያልቅ ማሽላና ምስር፣ ከዚያ ስልክ ይያዛል። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ለተወሰኑ ቀናት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ነበር። ስጠይቀው ዝም አለ። በኋላ እንደሰማሁት ታላቅ ወንድሙ የቤተሰቡን የወር ዘይት በካርታ ተበልቶ ነበር። ልጁ ማታ ንፍሮ ብቻ በልቶ ነበር የሚያድረው። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚባለው ይህ ነው፤ ችግሩ ባልጠፋበት አገር ሌላ ችግር መግዛት።

ለተማሪዎቼ ያሳየሁትን ሂሳብ ለእናንተም ላሳያችሁ። አንድ ሰው በአንድ ኩባያ ዘይት ጀመረ እንበል። ሲበላ "የሚቀጥለውን አገኘዋለሁ" ብሎ እጥፍ ያደርጋል። 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16። አምስት ዙር በተከታታይ ከተበላ ዕዳው 31 ኩባያ ሆነ። "አምስት ዙር ተከታትሎ ማን ይሸነፋል?" ትሉ ይሆናል። እኩል የሚችሉ አራት ሰዎች ሲጫወቱ እያንዳንዱ ሰው ከአራት ዙር ሦስቱን ይሸነፋል። አምስቱንም ተከታትሎ የመሸነፍ ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ነው። ማለትም አራታችሁ ቁጭ ብላችሁ ብትጀምሩ ለእያንዳንዳችሁ በጣም ቅርብ የሆነ ነገር ነው።

"ብዙ ስለተበላሁ አሁን ይደርሰኛል" የሚለውም ውሸት ነው። ካርታው ሲበወዝ ያለፈውን ሁሉ ይረሳል። ማን እንደተበላ፣ የማን ልጅ እንደራበው አያውቅም።

ሕጉንም እወቁት። እ.ኤ.አ. የ1991 የሱዳን የወንጀል ሕግ ቁማርን ይከለክላል። ስደተኛ ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ መግባት ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። የራሽን ካርድና የስደተኛ መታወቂያ ደግሞ ለማንም ለምንም መያዣ አይሰጥም። ካርዱ የአንድ ሰው አይደለም፤ ስማቸው ያለበት የቤተሰቡ ሁሉ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ በዚህ የገባ ልጅ ካለ ሰው ፊት አታዋርዱት፤ ካፈረ ወደዚያው ይመለሳል። የሚያከብረው አንድ ሰው፣ አጎት ይሁን የሰፈር ሽማግሌ ወይም ቄስ ወይም ሼህ፣ ብቻውን ያናግረው። ራሽን በሚወጣበት ቀን እናት ወይም እህት አብራ ትሂድ። ወዲያው ደግሞ ያለ ገንዘብ የሚጫወትበት ምንጣፍ ይኑረው። "ካርታ ተው" ከማለት "እኛ ጋ ተጫወት" ማለት ይቀላል።

"ያለ መያዣ አይጥምም" ለሚሉም መልስ አለን። እኛ ጋ የተሸነፈ ቡና ያፈላል፤ ሱዳኖችም ጀበና ስለሚሉት ጎረቤትም ይጠራል። ወይም ለሁሉም ውሃ ይቀዳል፣ ወይም አንድ ዘፈን ይዘፍናል። ድምፁ የማያምር ልጅ ሲሸነፍ ደስታው ከዘይት ይበልጣል።

ለሁለት ሰው፣ ለልጆች፣ ለእህቶች

አንድ ፓኬት ብቻ ካላችሁ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ይበቃል። ለእያንዳንዱ 7 ካርታ አድሉ፣ ለጀማሪው 8። የሚሞላው ሁለት ስብስብ ነው፤ አንዱ ሦስት፣ አንዱ አራት። ሌላው ሕግ ሁሉ ያው ነው። አዲስ ሰው ስታስተምሩም በዚህ ጀምሩ፤ 13 ካርታ ለጀማሪ እጅም አይበቃ፣ ልብም አይበቃ።

ለልጆች ከሆነ መጀመሪያ ካርታውን ገልጣችሁ አጫውቷቸው። ሁሉም የሁሉንም እያየ "ይህን ጣል፣ ያን ያዝ" እየተባባለ ይማራል። እኔ ክፍል ውስጥ ለመደመርና ለቁጥር ቅደም ተከተል እጠቀምበታለሁ። ቁጥር የሚያስፈራው ልጅ "8 እና 9 አለኝ፣ ምን ይጎድለኛል?" ሲባል ሳይፈራ ይመልሳል። ወላጅ ግን እንዲያውቀው አድርጉ። አንዳንድ አባት ካርታ ባየ ቁጥር ቁማር ይመስለዋል፣ አይፈረድበትም። ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሕግና "በገንዘብ አይጫወቱም" የሚለውን አሳዩት።

ሴት ልጆች ብዙ ጊዜ ከምንጣፉ ዳር ቆመው ነው የሚያዩት። ሰዓቱ ከመሸ፣ ቦታው ከተደበቀ መምጣት አይችሉም። ጨዋታው በቀን፣ እናቶች ቡና በሚያፈሉበት ግልጽ ቦታ ሲሆን ግን ይመጣሉ። ሲመጡ ደግሞ እወቁት፣ የተጣለውን ካርታ በማስታወስ ወንዶቹን ያስንቃሉ። እኛ ጋ በብዛት የምትዘጋው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተ ካምፕ ውስጥ ኮንከር በሌላ ሕግ የምትጫወቱ ከሆነ የእናንተ ስህተት ነው አላልኩም፤ ካርቶናችሁ ላይ ጻፉትና በሱ ተጫወቱ። ዛሬ ከሰዓት ስትቀመጡ ግን ካርታው ከመበወዙ በፊት አንድ ሰው "እስቲ ሕጉን እንነጋገር" ይበል። ያ ሰው እናንተ ሁኑ።

ቸር ያሰማን።